የሕፃኑ ጥርስ ምን በደለ?

በአገራችን ጥርስ የሚታወሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም ሲሳቅ፣ አንድም ሲታመም። የወሎ ሰው የልጃገረድን ቁንጅና ሲያወራ ፍንጭቷንና የተነቀሰ ድዷን ሳያነሣ አያልፍም፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ደግሞ ጉንጩን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል። ከነዚህ ከሁለቱ ጊዜያት በቀር ግን ጥርስ እረኛ እንደሌለው ከብት ተረስቶ ይኖራል።

የሕፃናት ጥርስ ነገርማ ከዚህም የከፋ ነው። በዚህ ረገድ የሚፈጸመው ጥፋት ሁለት ዓይነት ሲሆን ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ናቸው። ልጁ ገና እንቦቃቅላ ሳለ፣ ጥርሱ ከድዱ ብቅ ሳይል፣ ሊነካ የማይገባው ይነካል፤ ልጁ አድጎ ጥርሱ ሲቦረቦር ደግሞ ሊታይ የሚገባው «የወተት ጥርስ ነው፤ ነገ ይወድቃል» ተብሎ ይተዋል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ተማሪ ወይም አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት «እኔ ገና ልጅ የለኝም» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጠው አደራ እላለሁ። ከኩታበር፣ ከአልብኮ፣ ከሐይቅ ወይም ከሐርቡ መጥቶ በደሴና በኮምቦልቻ የሚማርና የሚሠራ ሰው፣ በቤተሰቡ ዘንድ «የተማረው» የሚባለው እርሱ ነው። የእኅቱ ልጅ ስድስት ወር ሆኖት ተቅማጥ የያዘው ዕለት ስልክ የሚደወለው ለእርሱ ነው። «ግግ ነው እያሉ ነው፤ እናስወጣለት ወይስ ይቆይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ለአንድ ሕፃን የጤና፣ አንዳንድ ጊዜም የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነውና አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ለመሆኑ ግግ የሚባለው ምንድን ነው? የሕፃኑ ድድ በአራተኛውና በስምንተኛው ወር መካከል፣ ክራንቻ በሚበቅልበት ስፍራ፣ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አበጥ ይላል፤ ነጣ ብሎም ይታያል። ልጁን በዚያው ሰሞን ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ከያዘው ጥፋቱ ሁሉ በዚህ እብጠት ላይ ይጣላል። ያን ጊዜ በመንደሩ በዚህ ሥራ የታወቀ ሰው ይጠራል። በምላጭ፣ በመርፌ፣ በሚስማር ወይም በሌላ ሹል ብረት ድዱ ይሰነጠቅና ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ተቆፍሮ ይወጣል። ማደንዘዣ የለም፤ ብረቱም በወጉ አልተቀቀለም። የወጣው ነገር በመዳፍ ላይ ተደርጎ ሲታይ ለስላሳ፣ ነጭና ትል የመሰለ ነው። «ይኸው፤ ልጁን ሲበላው የከረመው ይህ ነው» ይባላል፤ እናትም ታምናለች፤ በዓይኗ አይታለችና።

ትል ግን አይደለም፤ ጥርስ ነው። ገና ያልጠነከረ፣ ድንጋይነት ያልያዘ የጥርስ እንቡጥ ነው። የሕፃን ክራንቻ ከድድ ብቅ የሚለው ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በስድስተኛው ወር ድዱን ቆፍሮ ያወጣው ሰው ያገኘው በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ነው። ያልበሰለ እሸት ፈልፍሎ «ትል ነው» እንደ ማለት ያህል ነው።

ይህ እምነት እንዲህ ሥር የሰደደው ሕዝቡ ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። ነገሩ በእርግጥ ያሳስታል። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው የበሽታ መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያው ወቅት ከጡት ሌላ አጥሚትና ገንፎ መቅመስ ይጀምራል፤ ውሃው፣ ሳህኑ፣ የምታጎርሰውም እጅ ንጹሕ ካልሆኑ ተሕዋስያን አብረው ይገባሉ። በዚያው ወቅት ደግሞ መዳህ ይጀምርና ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይሰዳል። ስለዚህ ተቅማጥ የሚበረታው በዚህ ዕድሜ ነው። ጥርስም የሚበቅለው በዚሁ ዕድሜ ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው አባት አይደለም። ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ዶሮው ግን አላነጋውም።

በዚህ ላይ አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚቆም ነው። ግግ ወጣለት የተባለው ልጅ በሦስተኛው ቀን ቢሻለው ምስጋናውን የሚወስደው ግግ አውጪው ነው፤ ልጁ ቢሞት ግን «ዘግይታችሁ አመጣችሁት» ይባላል። በዚህ ዓይነት ፍርድ ቤት ተረትቶ የሚያውቅ ባለሙያ የለም።

የአውሮፓ ሐኪሞችም ቢሆኑ ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበሩም። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ፣ ጥርስ እንዲወጣላቸው የሕፃናትን ድድ በስለት መሰንጠቅ ይመክር ነበር። ይህም ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ ዘልቋል፤ በእንግሊዝ አገር የሞት መዝገብ ላይ እንኳ «ጥርስ ማብቀል» እንደ አንድ የሞት ምክንያት ይጻፍ ነበር። ዛሬ እዚያ ማንም እንዲህ አያደርግም። የተውትም ከእኛ የተለየ ልብ ስላላቸው ሳይሆን፣ የተቅማጥና የትኩሳት ምክንያት ሌላ መሆኑን ስላወቁ ነው።

ጎረቤቶቻችንም ይህ ችግር አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፒንድቦርግ የተባለ የዴንማርክ የአፍ ሕክምና ሊቅ በሰሜን ኡጋንዳ በአቾሊ ሕዝብ ዘንድ ይህንኑ ልማድ መኖሩን ጽፏል። በታንዛንያ «የፕላስቲክ ጥርስ» ይሉታል። በሱዳንና በኬንያም ይታወቃል። ስሙ ይለያያል፤ ብረቱና የሕፃኑ ልቅሶ ግን አንድ ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የመጀመሪያው የደም መፍሰስ ነው። የስድስት ወር ሕፃን ደሙ ጥቂት ስለሆነ ለትልቅ ሰው ምንም የማይመስለው መድማት ለእርሱ ብዙ ነው። ሁለተኛው ባልተቀቀለ ብረት የሚገባው መመረዝ ሲሆን፣ መንጋጋ ቆልፍም ሆነ በደም የሚተላለፉ እንደ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ያሉት ሕመሞች በዚሁ በር ሊገቡ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ውሃው ከሰውነቱ እያለቀ ሳለ፣ ወላጆቹ መድኃኒቱን አገኘን ብለው ተረጋግተው ይቀመጣሉ። የቆሰለው አፉም ጡት መሳብ ያቅተዋል። እንዲህ ሆኖ የሞተ ሕፃን ግግ ገደለው ይባላል እንጂ ጥም ገደለው አይባልም።

ልጁ ቢተርፍም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ከወተት ክራንቻው አጠገብ ለዕድሜ ልክ የሚሆነው ቋሚ ክራንቻ እንቡጥ ተቀምጧል፤ ውጫዊ ልባሱም መሠራት የሚጀምረው ልክ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ነው። ብረቱ የሚገባው እንግዲህ ሥራው በተጀመረበት ሰዓት ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ፣ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች የልጆቹን አፍ ሲመረምሩ የወተት ክራንቻ የሌላቸው ብዙ ልጆች አገኙ። አጠገቡ ያሉትም ጥርሶች ቅርጻቸው የተበላሸ፣ ልባሳቸው የጎደለ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ በኋላ ወላጆችን ጠይቀው ምክንያቱን ተረዱ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ላይ የሕፃን እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውጣት ለሞት የሚያበቃን ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽም የአካል ጉዳት የሚያደርሰውን ይመለከታል። ነገር ግን ግግ የሚያወጣው ሰው ብዙ ጊዜ የመንደሩ የተከበረ ሽማግሌ ወይም አዋላጅ ናት፤ ክፋትም የለባቸውም። እነርሱን በፖሊስ ማስፈራራት ሥራውን ከቀን ወደ ሌሊት ያዛውረው እንደሆን እንጂ የሚያስቀር አይመስለኝም። የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ትምህርት ሲሰጥም ስለ ግርዛትና ያለዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ ብዙ ሲባል፣ ግግ ብዙውን ጊዜ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በስም ብቻ ይጠራና ይታለፋል።

ወደ ስልኩ እንመለስ። የተማረው ወጣት ምን ይበል? «ይህ ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ አያትን ማሳፈር ምንም አይጠቅምም። ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ከአንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ስድብ የሚቀበሉበት ምክንያት የለም። ይልቅስ «እማማ፣ አንቱ ያሉትን ሰምቻለሁ። አሁን ግን ልጁን የሚጎዳው ውሃው ከሰውነቱ ማለቁ ነውና እርሱን እንተካለት። ዛሬውኑ ጤና ኬላ ይወሰድ፤ እስከዚያው ጡቱ አይቋረጥበት፤ ድዱንም ማንም አይንካው» ቢል ይሰማል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት በጤና ኬላ ይገኛል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይሰጣል፤ የዚንክ እንክብልም ሐኪሙ እንዳዘዘው ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ይህን የመሰለውን እርዳታ ወደ ገጠር ቀበሌዎች አቅርቦታል። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከደነዘዘ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ግን ጤና ኬላ ላይ ሳይቆም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ለሚያሳክከው ድድ ደግሞ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እንዲነክስ መስጠት ወይም በታጠበ ጣት ማሸት ይበቃል። ጥርስ ሲበቅል ልጅ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ይነጫነጫል፤ ምናልባት ገላው ሞቅ ይለዋል። ከባድ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን ከጥርስ አይመጣም።

ልጁ ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጥርሶቹ በሰላም ወጡ እንበል። የመጀመሪያዎቹ በስድስተኛው ወር ገደማ ከታች ከፊት ይታያሉ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል 20ዎቹ ሁሉ ይሟላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቸልተኝነት ታሪክ ነው። «ይወድቃል» የሚለው ቃል ብዙ ጥርስ አስበልቷል። እርግጥ ይወድቃል፤ ግን መቼ? የፊቱ በስድስትና በሰባት ዓመት ይወድቃል፤ ክራንቻውና የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10፣ እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በሦስት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ ሰባት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥርስ ሊበላ ነው ማለት ነው። የጥርስ ሕመም ያለበት ልጅ አይበላም፤ አይተኛም፤ በትምህርት ቤትም መምህሩ የሚለውን አይሰማም። ጥርሱ ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ስፍራ ያጋድሉና መጪው ቋሚ ጥርስ መውጫ አጥቶ ተጣሞ ይበቅላል። የወተት ጥርስ ለልጁ የሚያኝክበት ብቻ ሳይሆን፣ ለሚመጣው ጌታ ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ሎሌም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልናገር። ልጁ አንደኛ ክፍል በሚገባበት ጊዜ፣ ማለት በስድስት ዓመቱ ገደማ፣ ከመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች ኋላ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ድምፃቸውን አጥፍተው ስለሚመጡ የወተት ጥርስ ይመስላሉ። እነርሱ ግን ቋሚዎች ናቸው፤ ከተበሉ ሌላ ተተኪ የላቸውም። የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ በደስታ የሚወረውር ልጅ፣ በዚያው ሳምንት ከኋላ ለዕድሜ ልኩ የሚሆነውን ጥርስ እያበቀለ መሆኑን ማንም አይነግረውም።

ጥርስን የሚበላው ትል አለመሆኑን ፈረንሳዊው ፒዬር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ በእኛ አገር ግን የእምቧይ ፍሬ ጢስ እየታጠነ ትሉን ሊያስወጣ የሚሞክር ሰው አሁንም አይጠፋም። እውነተኛው በላተኛ ስኳር ነው፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ በጥርስ ላይ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ስኳርን በልተው የሚተፉት አሲድ ነው። አሲዱ ጣፋጭ በተቀመሰ ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ያህል የጥርሱን ልባስ ያሟሟል፤ ከዚያ ምራቅ መጥቶ ይጠግነዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ልጁ ስንት ስኳር በላ ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ በላ የሚለው ነው። ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ ከረሜላ የበላ ልጅ፣ ያንኑ ከረሜላ ከጧት እስከ ማታ እየቆጠበ ከሚልስ ልጅ ይሻላል። ቁጠባ በሁሉም ነገር መልካም ነው፤ በከረሜላ ግን አይደለም።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ብርዷ የታወቀ ነው፤ ልጅም አዋቂም የሚሞቀው በሻይ ነው። የሻዩ ብርጭቆ ትንሽ ቢሆንም ስኳሩ ትንሽ አይደለም። ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ አየሩ ይሞቅና በሻይ ፈንታ ለስላሳ መጠጥ ይመጣል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ አለ። ሰባት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ለልጁ የሚሰጥ አባት የለም፤ በጠርሙስ ሲመጣ ግን ግብዣ ይሆናል። እንግዳም ቢመጣ ለልጆች ከረሜላ ይዞ ነው፤ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይዞ የመጣ እንደ ቆንቋና ይታያል። ከሁሉም የከፋው ግን የሌሊቱ ጡጦ ነው። ሕፃን ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ ይዞ ሲተኛ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ሌሊቱን ሙሉ የላይኛዎቹን የፊት ጥርሶች ይነክራቸዋል። በሁለት ዓመታቸው የፊት ጥርሳቸው ጠቁሮ ጉቶ ብቻ የቀረ ልጆች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ በሌሊት ጡጦ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይግባ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የወተት ጥርሳቸው የተበላ ልጆች በዓለም ላይ ወደ 514 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል። ይህ የድሃ አገር ብቻ ወይም የሀብታም አገር ብቻ ችግር አይደለም፤ ስኳር ከሐኪም ቀድሞ በደረሰበት ሁሉ ያለ ነው።

ስለ ማጽዳት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ማታ ከመኝታ በፊት፣ በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ይጸዳል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ልጁ ብቻውን አይታመንም፤ ብሩሹን እርሱ ቢይዝም የሚጨርሰው ትልቅ ሰው ነው።

መፋቂያ የለመደ ቤት መፋቂያውን መናቅ የለበትም። የወይራና የክትክታ መፋቂያ አያቶቻችንን አገልግሏል፤ ሙስሊሞች ወገኖቻችንም ከሶላት በፊት አፍን በሚስዋክ ማጽዳትን እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት ይዘውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳይቀር ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን መጠቀም ደግፏል። ጉድለቱ የፊቱን ጥርስ እያሳመረ የኋላውን መንጋጋ መርሳቱ፣ ፍሎራይድም ያልተጨመረበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽ ማድረግ ይቻላል። ስለ ፍሎራይድ ካነሣን፣ በወንጂና በመተሐራ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ የሚታየው ስላልታጠበ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ስላለ ነው። ጥቂቱ የሚጠቅም፣ ብዙው የሚያበላሽ ነገር ነውና የመሥሪያ ቤት ጓደኛህን በዚህ ምክንያት አትታዘበው።

አሁን ወደ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግባ። በደሴ ከተማ በሆስፒታሉም በግል ክሊኒኮችም የጥርስ ሕክምና ይሰጣል። ሕዝቡ ግን የጥርስ ሐኪም ማለት ጥርስ ነቃይ ማለት ነው ብሎ ያምናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ቅርንፉዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ከጎረቤት የተለመነው እንክብል ሁሉ ካልረዱት በኋላ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ለሐኪሙ የቀረለት ሥራ መንቀል ብቻ ነው። ቅርንፉድ በእርግጥ ሕመም ያስታግሣል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ዘይቱን ይጠቀሙበታል። ግን ቀዳዳውን አይደፍንም። ከጎረቤት የሚለመነው እንክብል ደግሞ ቴትራሳይክሊን የሆነ እንደሆነ፣ ከስምንት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ቋሚ ጥርሶች ዕድሜ ልኩን ሊያጠቁራቸው ይችላል።

ልጁ ሐኪም ቤት መፍራትን የሚማረው ከቤቱ ነው። «ዝም ካላልክ ሐኪም ቤት ወስጄ መርፌ አስወጋሃለሁ» እየተባለ ያደገ ልጅ ነጭ ካፖርት ሲያይ ቢጮኽ ማን ይፈርድበታል? ሌላው ስሕተት ደግሞ «ምንም አያምህም» ብሎ መዋሸት ነው። ትንሽ ቢያመው ዳግመኛ አያምንም። የሚሻለው ምንም ሕመም ሳይኖር፣ አንድ ዓመት ሲሞላው ወይም ብዙ ሳይቆይ፣ ለማየት ብቻ መውሰድ ነው። በዚያን ቀን ሐኪሙ ልጁን በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ያጋድመዋል፤ በትንሽ መስተዋት አፉን ያያል፤ ምናልባት ጥርሱን የሚያጠነክር ቅባት ይቀባዋል፤ አለቀ። ትንሽ ቀዳዳ ከተገኘ ይሞላል። ቀዳዳው ጠልቆ መርፌ የሚያስፈልግ ከሆነም ማደንዘዣው ሕመሙን ለማጥፋት እንጂ ለማምጣት አለመሆኑን ለልጁ በሚገባው ቃል መንገር ነው። ቀጠሮውም ልጁ ሳይርበውና እንቅልፍ ሳይመጣበት በጧት ቢሆን ይመረጣል።

እርግጥ የጥርስ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ነው፤ ያሉትም አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው። ሥራው መብራት፣ ውሃና ውድ ወንበር ይፈልጋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፎ አገልግሎቱ እንዴት እንደተቋረጠ የከተማው ሰው አይረሳውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ። የተበላው ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተፍቆ ይወጣና ቀዳዳው ከጥርሱ ጋር በሚጣበቅ ልዩ ሲሚንቶ ይሞላል። መብራት አያስፈልገውም፤ የመሰርሰሪያ ጩኸትም የለውም፤ በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከአፍሪካ መንደር ተነሥቶ ዓለም ሁሉ የተቀበለው ዘዴ ነውና፣ የጤና ተማሪዎቻችን ወደ ኩታበርና ወደ አልብኮ ትምህርት ቤቶች ይዘውት ቢሄዱ ምንኛ በጠቀመ!

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። የልጁ ጉንጭ ካበጠ፣ ከትኩሳትም ጋር ዓይኑ መከደን ወይም መዋጥ ካስቸገረው፣ ያ ሕመም የጥርስ ብቻ አይደለምና በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይወሰድ።

ሌላው ኳስ ሲጫወት ወይም ከዳገት ሲወርድ ወድቆ ጥርሱ የወለቀ ልጅ ነው። የወለቀው ቋሚ ጥርስ ከሆነ አይጣል። ሥሩን ሳይነኩ ነጩን ጫፍ ይዞ፣ ቆሽሾ እንደሆነ በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ወዲያውኑ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ይህ ካልተቻለ በጥሬ ወተት ውስጥ ከትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ጥርሱ የመያዝ ተስፋ አለው፤ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ግን ተስፋው ይመነምናል። ወተት በማይጠፋበት አገር ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከሥሩ የተኛውን ይጎዳዋልና።